ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ሰው ሥራው ሲዘገይበት ከሁሉ አስቀድሞ የሚወቅሰው መሣሪያውን ነው። ገበሬው ማረሻውን፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን፣ ጸሐፊው ብዕሩን ይረግማል። ይህ ወቀሳ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን መሣሪያው ለምን እንደ ዘገየ ሳይመረመር በችኮላ የሚነገር ነው። ከወቀሳውም ቀጥሎ የሚመጣው «ሌላ ልግዛ» የሚለው አሳብ ነው። አባቶቻችን ችግር ሳይኖርበት ዕዳ የሚገባውን ሰው ባዩ ጊዜ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሉ ነበር። ይህን አባባል ዛሬ ያስታወሰን ግን ጤፍ ሳይሆን ኮምፒዩተር ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ለዘመድ ጥየቃ ወደ ሐራ ሄደን ነበር። ሐራ በሰሜን ወሎ የምትገኝ፣ ኑሮዋና ገበያዋ ከመርሳና ከወልድያ ጋር የተሳሰረ፣ ሙቀቷ የበረታ ከተማ ናት። እዚያም አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ካላቸው ሰው ጋር ተዋወቅን። ስማቸውን መጥቀስ ስለማያስፈልግ «ጋሼ» እያልን እንቀጥላለን። ቤቲቱ ትንሽ ናት፤ ሥራዋ ግን ብዙ ነው። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ገበሬ፣ የፋይዳ መታወቂያውን የሚያሳትም ወጣት፣ የትምህርት ማስረጃዋን ኮፒ የምታስነሣ ተማሪ፣ የቤት ኪራይ ውል የሚያስጽፉ አከራይና ተከራይ ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለሱባታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በአንድ አሮጌ ደስክቶፕ ኮምፒዩተር ነው።

ጋሼ እንግዳነታችንን እንኳ ሳይጨርሱ ችግራቸውን ዘረገፉልን። «ልጄ፣ ተምረህ መጥተሃል አሉኝ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ይህ ዕቃ ጠዋት ተከፍቶ ሥራ እስኪጀምር ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ደንበኛዬ ትቶኝ ይሄዳል። አንዱ አዲስ ግዛ ይለኛል፤ የእኅቴ ልጅ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውሎ ፍጥነቱን ከልኩ በላይ ማስጨመር ይቻላል፣ ምንም አያስወጣም ይለኛል። ማንን ልመን?»

ጥያቄያቸው ቀላል ቢመስልም ከበስተኋላው ከባድ ነገር ነበረ። አዲስ ኮምፒዩተር ሊገዙ ያሰቡበት ገንዘብ፣ ልጃቸው በሚመጣው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ለመሰናዶዋ ይሆናል ብለው ከዓመት በላይ ያጠራቀሙት ነበር። ስለዚህ ምክራችን ስሕተት ቢሆን የሚከፍለው ሰው ጋሼ ብቻ አልነበሩም። የዛሬውን ጽሑፋችንን የጻፍነውም ይህን የመሰለ ጥያቄ በሐራ ብቻ ሳይሆን በየከተማው፣ በየጽሕፈት ቤቱና በየተማሪው ቤት ያለ መሆኑን ስለምናውቅ ነው።

አስቀድመን የእኅታቸው ልጅ ያቀረበውን ምክር እንመልከት። በወጣቶች ዘንድ «ኦቨርክሎክ» የሚባለው ነገር ፕሮሰሰሩን፣ ማለት የኮምፒዩተሩን የማሰቢያ ክፍል፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው። ነገሩ ተረት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሴለሮን 300ኤ» የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አውጥቶ ነበር። በ300 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ የተሸጠውን ይህን ፕሮሰሰር ብዙ ሰዎች በ450 ሜጋኸርዝ አሠሩት። ያለ ተጨማሪ ዋጋ የግማሽ ያህል ፍጥነት ማግኘት ማለት ነው። የኦቨርክሎክ ዝና በዓለም የተሰማው በዚያን ጊዜ ነው፤ ዛሬም «ምንም አያስወጣም» የሚለው ወሬ ሥሩ ከዚያ ዘመን ነው።

ነገር ግን ዘመኑ ተለውጧል። ፋብሪካዎቹ ፍጥነቱን እንዲሁ ሲጨምሩ፣ ሲጨምሩ ቆይተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ኢንቴል ራሱ ሊያወጣው የነበረውን ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰር ትቶታል። በፍጥነት ላይ ፍጥነት መጨመሩ ሙቀቱን የማይቻል እያደረገው ስለ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት አንጎል ማኖርን መረጡ። በዚህም ላይ የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ሥራ ሲበዛባቸው ሙቀታቸው እስከ ፈቀደ ድረስ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይጨምራሉ። ስለዚህ ቀድሞ ሰው በብልኃት ያገኘው የነበረውን ትርፍ አብዛኛውን ዛሬ ፋብሪካው አስቀድሞ ወስዶታል። ከዚህም ሌላ ለቢሮ ሥራ ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ፍጥነታቸው የተቆለፈ ነው። የጋሼም ኮምፒዩተር እንዲሁ የተቆለፈ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ሆኖ ተገኘ፤ የእኅታቸው ልጅ ምክር ቅን ቢሆንም በዚያ ዕቃ ላይ የሚሠራ አልነበረም።

የሚሠራ ቢሆንስ ኖሮ? ሒሳቡን እንየው። ፕሮሰሰር የሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይል ፍጥነቱ ሲጨምር በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የሚሰጠው ቮልቴጅ ሲጨምር ግን በጭማሪው ካሬ ልክ ያድጋል። ፕሮሰሰሩ በ10 በመቶ እንዲፈጥን ብለን ቮልቴጁንም በ10 በመቶ ብንጨምርለት፣ የሚበላው ኃይል በ10 በመቶ ሳይሆን በ33 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ኃይል ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። ኮምፒዩተር ራሱን የሚያበርደው ደግሞ በክፍሉ አየር ነው። የክፍሉ አየር እንደ ሐራ ቀትር የጋለ ከሆነ፣ ማራገቢያው የሞቀ አየር በሞቀ ብረት ላይ ከመንፋት በቀር የሚያደርገው የለም። በመጨረሻም ፕሮሰሰሩ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍጥነት ፈልጎ የተነሣ ሰው ዝግታን ገዝቶ ይመለሳል ማለት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ይህን ስንናገር ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኛም በተማሪነታችን ዘመን ከዚህ ጥፋት አልዳንንም። ሦስተኛ ዓመት ሳለን የራሳችንን ኮምፒዩተር ፍጥነት ከልክ በላይ አስጨምረን፣ በመኝታ ቤት ጓደኞቻችን ፊት ቁጥሩን እያሳየን ስንኮራ ሰነበትን። ኮምፒዩተሩም እንደ ጎበዝ ፈረስ ይጋልብ ነበር። የሚያሳዝነው ግን ወድቆ አለመሰበሩ ነው፤ ቢሰበር ኖሮ ወዲያው ባወቅን ነበር። ያደረገው ነገር ዝም ብሎ መሳሳት ነበር። አንድ ቀን የጥናት ጽሑፋችንን ብንከፍተው ግማሹ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ጠበቀን። አስቀምጠነው የነበረውም ቅጂ ከተበላሸ በኋላ የተገለበጠ ስለ ነበረ አልረዳንም። አንድ ምዕራፍ እንደገና ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ኦቨርክሎኩ በወር ሙሉ ያተረፈልን ጊዜ ቢደመር አንድ ቀን የሚሞላ አይመስለንም። የደንበኛ ውል በሚጻፍበት ቤት እንዲህ ያለ ስሕተት ቢደርስ ኖሮ ነገሩ ከሁለት ሳምንት ድካም በላይ በሆነ ነበር።

እንግዲህ ኦቨርክሎኩን እንተወውና አዲስ ግዙ ወደሚለው ምክር እንመለስ። ይህንንም ከመፍረዳችን በፊት «ሥራው የሚታነቀው የት ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ኮምፒዩተርን አንድ ቤት ብለን እናስበው። ፕሮሰሰሩ የምትሠራዋ እጅ ነው። ራም የሚባለው የሥራ ጠረጴዛው ነው። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ከጓሮ ያለው ጎተራ ነው። እጅ የሚሠራው በጠረጴዛው ላይ የቀረበለትን ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ አንዱን ነገር ለማምጣት ሌላውን ወደ ጎተራ መመለስ ያስፈልጋል። ጎተራው ሩቅ ከሆነ ደግሞ እጅ የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ተንጠልጥሎ ይውላል። እንዲህ ባለ ቤት እጅን ማፍጠን ምን ይጠቅማል?

የጋሼ ኮምፒዩተር ሕመም ይኸው ነበር። ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ዊንዶውስ፣ የጽሕፈቱ ፕሮግራም፣ ፓወር ግዕዝና የኢንተርኔት መክፈቻው አንድ ላይ ይጋፉበታል። ጎተራው ደግሞ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ዙር ለመዞር ከ8 ሺኛ የሰከንድ ክፍል በላይ ይፈጅበታል፤ ማንበቢያው መርፌም ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲያነብ በሰከንድ ከመቶ እጅግ ብዙም አያልፍም። ኮምፒዩተር ሲነሣ የሚያነበው ደግሞ እንዲህ የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ነው። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ማስቀመጫ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው በዚያችው ሰከንድ ብዙ ሺህ ያነባል።

የእጅንና የጎተራን ነገር በቁጥር እናስረዳ። አንድ ሥራ 100 ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 80ው ሃርድ ዲስክን መጠበቂያ፣ 20ው የፕሮሰሰሩ ሥራ ይሁን። ፕሮሰሰሩን በ20 በመቶ ብናፈጥነው ያ 20 ሰከንድ ወደ 17 ገደማ ይወርዳል፤ ሥራው ግን አሁንም 97 ሰከንድ ይፈጃል። ጎተራውን ለውጠን 80ውን ወደ 8 ብናወርደው ሥራው በ28 ሰከንድ ያልቃል። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ያስረዳው ነገር ከዚህ የሚዛመድ ነው፤ ይኸውም ከሥራው አንዱን ክፍል ማፍጠን የሚጠቅመው ያ ክፍል ከጠቅላላው ጊዜ በያዘው ድርሻ ልክ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለጋሼ እንዲህ አልናቸው፦ «ጋሼ፣ ገንዘብዎን አሁን አያውጡ። መጀመሪያ ክፍቱን እንየው።»

ሣጥኑን ከፈትነው። የማራገቢያው ክንፎች በአቧራ ተጠቅልለው የበግ ጠጉር መስለው ነበር። በፕሮሰሰሩና በማብረጃው ብረት መካከል የሚቀባው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። በለስላሳ ብሩሽ ጠረግነው፤ አዲስ ፔስት ቀባነው። ይህ ብቻውን የማራገቢያውን ጩኸት አስታገሠው። ቀጥሎ ጋሼ አንድ 256 ጊጋባይት ኤስ ኤስ ዲ ከወልድያ አስመጡ። ራሙን ግን አዲስ አልገዛንም፤ ጎረቤታቸው ቤት ሞቶ ከተጣለ ተመሳሳይ ኮምፒዩተር ሌላ 4 ጊጋባይት ነቅለን 8 አደረግነው። ፋይሎቻቸውን አስቀድመን በሁለት ቦታ ከገለበጥን በኋላ ሁሉን ወደ አዲሱ ማስቀመጫ አዛወርን። ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጅ የነበረው መነሣት ከግማሽ ደቂቃ በታች ሆነ። የወጣውም ገንዘብ አዲስ ኮምፒዩተር ከሚጠይቀው ትንሽ ክፋይ ነበር።

የገንዘቡ ነገር ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ መታሰብ አለበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኮምፒዩተር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ወጣ። በዚህም ላይ በ2018 ዓ.ም. የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎችን የሚሠሩት ትላልቅ ኩባንያዎች በዓለም ገበያ ያለውን የራም ምርት እየተሻሙ ስለ ገዙ የራም ዋጋ ከፍ ብሏል። ስለዚህ በየመጋዘኑና በየጓዳው ሞቶ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒዩተር እንደ ቆሻሻ የሚታይ አይደለም፤ አንድም ራም፣ አንድም ገመድ፣ አንድም ማራገቢያ ይወጣዋል።

አሁን ግን የተቃራኒውን አሳብ በቅን እንስማ። «እናንተ የምትሉት ሁሉ ድኽነትን ማሞገስ ነው፤ ሌላው ዓለም አዲሱን ሲይዝ እኛ አሮጌውን ስንጠጋግን ልንኖር ነውን?» የሚሉን ይኖራሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በእርግጥም አሮጌን መጠገን የማይጠቅምበት ጊዜ አለ። በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሾቹ በርሜል መሳይ ነገሮች ካበጡ ወይም ከፈሰሱ፣ ኤሌክትሪክ አከፋፋዩ የሚያሸት ከሆነ፣ ራሙ ከገበያ የጠፋ ጥንታዊ ዓይነት ከሆነ፣ በዚያ ላይ የሚወጣ ገንዘብ በቀዳዳ ስልቻ እንደሚጨመር እህል ነው። ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሥራው በእርግጥ የሚታነቀው ፕሮሰሰሩ ላይ ነውና ለእርሱ አዲስ ኮምፒዩተር ቅንጦት ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ኦቨርክሎክንም ቢሆን ለመማር፣ ለመመራመር፣ ቢበላሽ በማይጎዳ ዕቃ ላይ የሚሞክር ወጣት ቢኖር እናበረታታዋለን። የምንቃወመው እንጀራ በሚበላበት ዕቃ ላይ ቁማር መጫወትን ነው።

ሌላም የማንደብቀው ጉዳይ አለ። የጋሼ ኮምፒዩተር የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ከማይክሮሶፍት ያገኝ የነበረው መደበኛ የደኅንነት እድሳት ቆሟል። ቀጣዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንደ እርሳቸው ያለውን የአራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር አይቀበልም። ሊኑክስን የመሰለ ነፃ ሥርዓት መጫን ይቻላል፤ ለብዙ ተማሪም ይበቃል። ነገር ግን ጋሼ ለዓመታት የጻፏቸው ሰነዶች ለዊንዶውስ በተሠራው በፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፉ ስለሆኑ፣ በአንድ ቀን ልተው ቢሉ ግማሹ ሥራቸው የማይነበብ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ የሰጠናቸው ምክር ይህ ነው፦ የቀረችው ዕድሜው ጥቂት ዓመት መሆኑን ይወቁ፤ የማያውቁትን ፍላሽ አይሰኩበት፤ የባንክ ሥራ አይሥሩበት፤ አዲሱን ለመግዛት በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያኑሩ። መጠገን ጊዜ ይገዛል እንጂ ዘላለምን አይገዛም። የተገዛው ጊዜ ግን በችኮላና በብድር ከመግዛት፣ አስቦና ዋጋ አወዳድሮ ወደ መግዛት ያሻግራል።

ይህን ሁሉ ጨርሰን፣ ኮምፒዩተሩም ተዘጋጅቶ፣ ጋሼ የመጀመሪያውን ማመልከቻ በደስታ ሲጽፉ መብራት ጠፋ። ያን ያህል ያፈጠንነው ዕቃ ጨለማ ውስጥ ቀረ። ደንበኛውም፣ እኛም፣ ጋሼም ተያየን። ጋሼ ሣቁና «ልጄ፣ ለዚህስ ምን ትቀባለታለህ?» አሉን። ሣቅን፤ ነገሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳስበን አደረ። እኛ ማነቆውን ከጎተራው ስናነሣ ማነቆው ሄዶ መብራቱ ላይ ተቀምጦ ነበርና።

በማግሥቱ በዚህ አሳብ ላይ ሳለን የሐራ ስም በመላው አገር ስለ ታወቀበት ስለ ባቡሩ አስታወስን። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር መሥመር፣ ያፒ መርከዚ ለተባለው የቱርክ ኩባንያ የተሰጠው በ2004 ዓ.ም. ነበር፤ ሥራውም በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐራ ገበያ ደግሞ ወደ መቀሌ የሚያልፈው መሥመር የሚነሣባት ጣቢያ እንድትሆን ታስባ ነበር። መሥመሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ተራራው ተበሳ፤ ድልድዩ ተሠራ፤ ሐዲዱ ተነጠፈ። ነገር ግን ቀድሞ የደረሰው የአዋሽና የኮምቦልቻ ክፍል ለሥራ ሲቃረብ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል በጊዜው ስላልደረሰለት ቆሞ ቆየ። በኋላም ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ወሎን ሲያዳርስ ጉዳት አገኘው።

ይህን የምናነሣው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። ጋሼ ቤት በአንዲት ጠረጴዛ ላይ ያየነው ነገር በአገር ሚዛን እንዲሁ መሆኑን ለማሳየት ነው። ሐዲዱ ቢያምር፣ ባቡሩ ቢፈጥን፣ የሥራው ልክ የሚወሰነው ከሁሉ በዘገየው ክፍል ነው። ዐሥር ሰዎች ተሰልፈው በአንድ ገመድ ተያይዘው ገደል ሲወጡ የሰልፉ ፍጥነት የፊተኛው ጎበዝ ፍጥነት አይደለም፤ የደከመው ሰው ፍጥነት ነው። ጎበዙን ማስሮጥ ገመዱን ከመወጠር በቀር አያወጣቸውም። የሚያወጣቸው የደከመውን መደገፍ ነው።

ወደ ጋሼ ቤት ተመልሰን ያለቀውን ሥራ እንደገና ጀመርነው። ከቀረው ገንዘብ ላይ ትንሽ አንሥተው ዩ ፒ ኤስ የሚባለውን፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚሰጠውን ዕቃ እንዲገዙ መከርናቸው። ይህ ዕቃ ቀኑን ሙሉ አያሠራም፤ የተጀመረውን ጽሑፍ አስቀምጦ ኮምፒዩተሩን በሰላም ለማጥፋት ግን ይበቃል። ኃይሉ ሲመለስ ከሚመጣው ድንገተኛ ግፊትም ዕቃውን ይጠብቃል። ለእርሳቸው የሚቀጥለው ተገቢ ማሻሻያ ፕሮሰሰር ሳይሆን ይህ ነበር። በከተማ መደብር መስኮት የሚያብረቀርቀው ግን ዩ ፒ ኤስ ስላልሆነ ማንም ሲመኘው አይታይም።

እንግዲህ አንባቢያችን ኮምፒዩተሩ ሲዘገይበት የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢይዝ አይጸጸትም ብለን እናምናለን። በመጀመሪያ አንድ ሳምንት ሙሉ ሥራው የት ላይ እንደሚቆም ይመልከት፤ ዊንዶውስ ራሱ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ ምን ያህል እንደ ተጨናነቁ የሚያሳይበት መስኮት አለው። ሁለተኛ አቧራውን ይጥረግ፤ የማይፈልጋቸውንም ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች ያጥፋ፤ ይህ ከጊዜ በቀር ዋጋ የለውም። ሦስተኛ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለው በኤስ ኤስ ዲ ይለውጠው። አራተኛ ራሙ ከ8 ጊጋባይት በታች ከሆነ ወደ 8 ያድርሰው። አምስተኛ የመብራቱን ነገር ያስብበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ተጨናንቆ ሥራው የሚጠብቀው ከሆነ ያን ጊዜ አዲስ መግዛቱ ትክክል ነው። ኤስ ኤስ ዲም ሲገዛ ከዋጋው በላይ ብዙ ጊጋባይት የሚምልለትን አይመን፤ ላይ ላዩን 1000 ጊጋባይት ተጽፎበት ውስጡ ከዚያ ጥቂቱን ብቻ የሚይዝ የማታለያ ዕቃ በገበያ አለ። ሳያምነው በፊት በፋይል ሞልቶ፣ መልሶ ከፍቶ ይሞክረው።

ለውሳኔውም አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። አንድ ደንበኛ በኮምፒዩተሩ ዝግታ ምክንያት 2 ደቂቃ የሚጠብቅ ከሆነ፣ በቀን 30 ደንበኛ ያለው ሰው በየቀኑ 1 ሰዓት ያጣል። በ26 የሥራ ቀን ይህ 26 ሰዓት ነው፤ ከሦስት ሙሉ የሥራ ቀን በላይ ማለት ነው። ማሻሻያው ይህን ጊዜ የሚመልስ ከሆነ ዋጋው በስንት ወር እንደሚመለስ እያንዳንዱ በራሱ ገቢ ሊያሰላው ይችላል። በሌላ በኩል በቀን አንዲት ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ምንም ያህል ፈጣን ዕቃ ቢገዛ የሚመለስለት ጊዜ የለም፤ የገዛው ስም ብቻ ነው።

ከሐራ ልንመለስ ስንሰናበት የጋሼ ልጅ በዚያው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጣ የአንድ ገበሬ ማመልከቻ ትጽፍ ነበር። ጣቶቿ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ይፈጥኑ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም፤ አሁን ግን ኮምፒዩተሩ አያስጠብቃትም። ለመሰናዶዋ የተቀመጠው ገንዘብም አብዛኛው በቦታው ነው። ከዓመት በኋላ እርስዋ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስትመለስ ያ ኮምፒዩተር በሕይወት ይኖር ይሆን? ላይኖር ይችላል። እርስዋ ግን ተምራ ትመለሳለች። ከሁለቱ የትኛው መሻሻል እንደሚበልጥ ጋሼን የሚያስረዳቸው አያስፈልግም።

ስለዚህ ወጣት ጓደኞቻችን፣ ከቤተሰብ ስልክ ተደውሎ «ምን ልግዛ?» ስትባሉ ቶሎ ብላችሁ የዕቃ ስም አትጥሩ። መጀመሪያ «ሥራው የሚቆመው የት ላይ ነው?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ። የሰው ገንዘብ በሰው ምክር ሲባክን የሚያፍረው ገዢው ብቻ መሆን የለበትም እንላለን።